የተገለበጠ ክፍልና የማስመሰያ ሶፍትዌር በቴክኒክና ሙያ ትምህርት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «የተገለበጠ ክፍል» የሚባለውን የማስተማር ዘዴና የማስመሰያ ሶፍትዌርን ጠባይ መግለጽ፣ በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ላሉ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም ምን ሊጠቅም እንደሚችል ማመልከት ነው።

በተለመደው አሠራር መምህሩ በክፍል ውስጥ ያስረዳሉ፤ ተማሪው መልመጃውን ቤቱ ሄዶ ብቻውን ይሠራል። የተገለበጠው ክፍል ይህን ቅደም ተከተል ይለውጠዋል። ገለጻው አስቀድሞ ተቀርጾ ይታደልና ተማሪው ከክፍል ውጭ ያየዋል፤ የክፍሉ ሰዓት ለሥራ ይውላል። ዘዴው ይበልጥ የታወቀው ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የተባሉ የኬሚስትሪ መምህራን እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ፣ ትምህርታቸውን ቀርጸው ለተማሪዎቻቸው መስጠት ከጀመሩ ወዲህ ነው።

የተቀረጸ ትምህርት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲሰጥ እንደ ነበር ብዙዎቻችን እናውቃለን። ያልገባው ተማሪ ገለጻውን ማስቆም ወይም ወደ ኋላ መመለስ አይችልም ነበር፤ ለመምህሩም የሚተርፉት ደቂቃዎች ጥቂት ነበሩ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ፕላዝማው የክፍሉን ሰዓት ይወስድ ነበር፤ የተገለበጠው ክፍል ግን ያንኑ ሰዓት ይመልሳል። ስለዚህ የዘዴው ቁም ነገር ቪዲዮው ሳይሆን የተረፈው ሰዓት ነው።

ይህ ሰዓት በቴክኒክ ትምህርት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። በአገራችን የታወቀው የሥልጠና መርህ 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ብዙ ሠልጣኞች አንድ መሣሪያ ከበው ተራ ሲጠብቁ መርሁ በወረቀት ላይ ይቀራል። ማስመሰያ ሶፍትዌር የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የስታር-ዴልታ ማስነሻን እንውሰድ። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ይስባል፤ በስታር ሲነሣ ግን ከመስመሩ የሚስበው ከረንት ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። የስታሩና የዴልታው ኮንታክተሮች በአንድነት ቢዘጉ ፌዞቹ ይገናኙና ሾርት ይፈጠራል። ሠልጣኙ ይህን ስሕተት በኮምፒዩተር ላይ ቢሠራ ያለ ጉዳት አስተካክሎ እንደገና ይሞክራል፤ በወርክሾፕ ቢሆን ዕቃ ይቃጠላል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ሆኖም ማስመሰያ ያልጠበቀ ብሎን በጣት አያስነካም፤ የጋለ ሽቦ ሽታም የለውም። የዶርዜን ሸማኔ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ልጁ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ብዙ ያያል፤ ሸማኔ የሚሆነው ግን መወርወሪያውን በእጁ ይዞ ድርና ማግ ሲያገናኝ፣ አባቱም ስሕተቱን እዚያው ሲያርመው ነው።

እንቅፋቱም ቀላል አይደለም። መብራት ይቋረጣል፤ የኢንተርኔት ዋጋ ይከብዳል፤ ጥሩ ስልክ የሌለው ሠልጣኝ አለ፤ ማታ የቤት ሥራ የሚጠብቃት ሴት ሠልጣኝም አለች። ገለጻው ለሁሉም ካልደረሰ ዘዴው ባለ ስልኩን ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ኮሌጁ ቪዲዮውን አጭር አድርጎ በፍላሽ ማደል፣ የኮምፒዩተር ክፍሉንም ከትምህርት ሰዓት ውጭ መክፈት ይኖርበታል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ማስመሰያዎች ፌት በነጻ የሚገኙ ሲሆኑ፣ አንድ ጊዜ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በቤቱ ጋሞኛ የሚናገርና በእንግሊዝኛ የሚሠለጥን ወጣትም ደጋግሞ የሚሰማው፣ በአማርኛ ወይም በጋሞኛ ማብራሪያ የታከለበት ገለጻ ቢያገኝ በእጅጉ ይጠቀማል።

በመጨረሻም፣ ይህን ዘዴ ለመመርመር የሚፈልግ ጓደኛችን የቪዲዮዎቹን ብዛት ባይቈጥር መልካም ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ ሠልጣኝ መሣሪያ በእጁ ይዞ ስንት ደቂቃ እንደ ሠራ ይለካ። ይህ ቍጥር ካላደገ፣ ክፍሉ ተገልብጧል ለማለት አይቻልም።