ኮምጣጣ መሬት ውስጥ የእህል ሥር የሚሠራው ሥራ

ማዳበሪያው ተጨምሮ፣ ዝናቡም በወቅቱ ጥሎ፣ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ከቀጨጨ ነገሩን ቅጠሉ ላይ ከመመርመር ቡቃያውን ነቅሎ ሥሩን ማየት ይሻላል። ጤነኛ ሥር ነጭ፣ ቀጭንና ቅርንጫፉ የበዛ ነው። የተጎዳው ደግሞ አጭር፣ ወፈር ያለና ቡናማ ሲሆን ሲነኩት ቀጭ ይላል፤ የጎን ሥሮቹም ገና ብቅ እንዳሉ ቆመው ቀርተዋል። የአዊ፣ የወለጋ ወይም የጨንቻ ገበሬ ይህን መሬት ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉን የአፈር አሲዳማነት እንደሚያጠቃው ይገመታል።

ሥሩን በዋናነት የሚጎዳው ግን አሉሚኒየም ነው። ድስት የሚሠራበት ይኸው ንጥረ ነገር የምድር ቅርፊት ክብደት 8 በመቶ ያህል ነው፤ ያልረገጠው ሰው የለም። ሸክላው ውስጥ ታስሮ እስከተቀመጠ ድረስ ማንንም አይነካም። የአፈሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ከ5 በታች ሲወርድ ግን ይሟሟና ከውሃው ጋር ወደ ሥሩ ይደርሳል። ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆነው የሥሩ ጫፍ በሰዓታት ውስጥ ማደጓን ታቆማለች። ሥሩ አጭር ሆኖ ስለሚቀር ዝናብ በተቋረጠ ጊዜ ሰብሉ ከታች ያለው እርጥበት ላይ አይደርስም። ፎስፈረሱንም እዚያው አፈር ውስጥ ያሉት አሉሚኒየምና ብረት ስለሚይዙት ገበሬው የገዛው ማዳበሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

በደቡብ ብራዚል የሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ስንዴ አምራቾች በዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ ተፈትነዋል። እዚያ የተመረጡት ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ካራዚንዮ የሚባለው፣ ሌላው ስንዴ በሚቀጭጭበት መሬት ላይ ያፈራሉ። እንዴት እንደሚችሉት ግን ለብዙ ዓመታት አልታወቀም ነበር።

ፍንጩ የተገኘው በ1993 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት የሆኑ፣ አሉሚኒየምን በመቻል ብቻ የሚለያዩ ሁለት የስንዴ መስመሮችን አወዳደሩ። ቻዩ ስንዴ አሉሚኒየም ሲነካው ከሥሩ ጫፍ የሚያፈሰው ማሊክ አሲድ ከሌላው ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበልጣል። ማሊክ አሲድ ፖምን የሚያኮመጥጠው ነው፤ አሉሚኒየሙን ይዞ ያስረዋል፤ የታሰረው አሉሚኒየም ደግሞ ወደ ሥሩ አይገባም። በ2004 የጃፓንና የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች ማሊክ አሲዱ የሚወጣበትን በር የሚሠራውን ጂን ለዩ። በሩ የሥሩ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ ሲሆን የሚከፈተው አሉሚኒየሙ ራሱ ሲመጣ ነው።

ይህ ቁጠባ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ተክሉ አሲዱን የሚሠራው ቅጠሉ ከፀሐይ ባገኘው ስኳር ነው፤ በሁሉም ሥሩ፣ ሁልጊዜ ቢያፈስሰው ለፍሬ የሚተርፈው ይቀንስበታል። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ያወጣዋል።

ማሽላ በሎሚ አሲድ፣ ማለትም በሲትሪክ አሲድ ይጠቀማል፤ ጂኑ በ2007 ታውቋል። ሩዝ ከእህሎች ሁሉ ይበልጥ ቻይ ነው፤ ዘዴውም ለየት ይላል፦ አሉሚኒየሙን ከውጭ ከመከልከል ይልቅ ከፊሉን ወደ ሕዋሱ አስገብቶ ጉዳት በማያደርስበት ክፍል ያስቀምጠዋል።

የደጋው ሰው ገብስ ግን ከሁሉም ደካማው ነው። ሆኖም በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ አሲዳማ መሬት ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ገብሶች አሉሚኒየምን ይችላሉ። በገብስ ሲትሪክ አሲድ የሚያስወጣው ጂን ዋና ሥራው ብረት በተክሉ ውስጥ እንዲጓጓዝ መርዳት ነበር። በእነዚህ ቻይ ገብሶች ግን ከጂኑ ፊት አንድ ሺህ ያህል ፊደል የሚረዝም የዲኤንኤ ቁራጭ ገባና ጂኑ በሥሩ ጫፍ እንዲሠራ አደረገው። የጂኑ አዲስ ሥራ የመጣው ከዚያች ጭማሪ ነው።

ቻይ ዝርያ ለማግኘት የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው። ቡቃያው አሉሚኒየም በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ይቆይና ሄማቶክሲሊን በሚባል ቀለም ይነከራል። አሉሚኒየም የገባበት ጫፍ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ የተከላከለው ነጭ ሆኖ ይወጣል።

መሬቱን የሚያክመው ግን ኖራ ነው፤ በሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚፈልግ ማጓጓዣው ብቻውን ለገበሬው ይከብደዋል። በአዊ ብዙዎች ማሳቸውን ዲከረንስ ለሚባለው ግራር ለቀው ከሰል መሸጥ የጀመሩት አንድም መሬቱ ስለኮመጠጠ ነው። በማረሻ የተቀላቀለው ኖራ ደግሞ ከላይኛው የአፈር ንብርብር እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያ በታች ያለው ሳይነካ ይቀራል። እዚያ የሚወርደው ሥር በራሱ አሲድ መከላከል አለበት፤ ኖራውና ቻዩ ዘር አብረው የሚፈለጉትም ለዚህ ነው።