መጨረሻው የታወቀ ፍርሃት

ተረት የሚሰማ ልጅ ዘወትር የሚጠይቀው «ከዚያስ?» እያለ ነው። «ከዚያ በፊትስ?» ብሎ ተረተኛውን ወደ ኋላ የሚመልስ ልጅ እስከ ዛሬ አልገጠመንም። የሲኒማ ሰዎች ግን ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ እኛ ሳንጠይቃቸው ይመልሱልናል። አንድ ፊልም ወጥቶ ከታወቀ በኋላ፣ ከእርሱ ታሪክ በፊት የሆነውን ለማሳየት ሌላ ፊልም ይሠራሉ፤ ይህንንም «ፕሪኩዌል» ይሉታል። እኛ የበፊት ታሪክ እንበለው።

ለጦርነት ወይም ለፍቅር ፊልም ይህ ብዙ አያስቸግርም። ለአስፈሪ ፊልም ግን ነገሩ ብርቱ ነው። ሰው አብዝቶ የሚፈራው የማያውቀውን ነው፤ የበፊት ታሪክ ደግሞ ማን እንደሚተርፍና ምን እንደሚቃጠል አስቀድሞ ለሚያውቅ ተመልካች የሚቀርብ ነው። እንግዲህ በምን ያስፈራን? በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቻችን ጋር ብዙ ማታ ተከራክረናል። ገሚሶቹ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ የዚህን ዓይነት ፊልም ሁሉ በአንድነት ይንቁታል። እኛ በበኩላችን ሁለት ፊልሞችን አከታትለን ካየን በኋላ፣ ጥፋቱ የመጨረሻው መታወቅ አይደለም ወደ ማለት አዘንብለናል።

ፊተኛው በ2011 የወጣው «ዘ ቲንግ» ነው። (ዓመቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።) ስሙን «ነገርየው» ብንለው የሚስማማው ይመስለናል። በዚሁ ስም ጆን ካርፔንተር የተባለው አሜሪካዊ ዲሬክተር በ1982 የሠራው ፊልም ነበረ። ታሪኩም በደቡብ ዋልታ በረዶ ላይ የሰፈሩ አሜሪካውያን ከሌላ ዓለም በመጣ ፍጡር እንዴት እንደተጠቁ የሚያሳይ ነው። ፍጡሩ የበላውን ሰው መልክና ድምፅ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ አጠገቡ የተኛው ባልንጀራው ሰው ይሁን ነገርየው የሚያውቅ የለም።

በዚያ ፊልም መጀመሪያ ላይ አሜሪካውያኑ በጎረቤት ወዳለው የኖርዌይ ሰዎች ሰፈር ይሄዳሉ። የሚያገኙት የተቃጠለ ቤት ነው። በአንድ በር ላይ መጥረቢያ ተሰክቶ ቀርቷል። አንድ ሰው ጉሮሮውንና የእጁን ሥር እንደቆረጠ ከነወንበሩ በረዶ ሆኗል። መካከሉ የተቦረቦረ ታላቅ የበረዶ ድንጋይ አለ፤ ውስጡ የነበረው የለም። ምን እንደ ሆነ የሚነግር አንድ ሕያው ሰው እንኳ አልተገኘም። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተመልካቹ በገዛ ሐሳቡ አንድ ሙሉ ፊልም ይሠራል ለማለት ይቻላል።

በ2011 የወጣው የበፊት ታሪክ ያንኑ እኛ በሐሳባችን የሠራነውን ፊልም መልሶ የሚሠራ ነው። አዘጋጆቹ የድሮውን ፊልም ሥዕሎች አንድ በአንድ እየመረመሩ የኖርዌዮቹን ሰፈር እንደ ነበረ አቆሙት። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መጥረቢያው በበሩ ላይ መገኘት ስላለበት መጥረቢያውን የሚሰነዝር ሰው ተፈለገለት፤ በረዶው መቦርቦር ስላለበት ተቦረቦረ። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ፋይሎቹን ሁሉ ለመዝጋት እንደሚጣደፍ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ፊልሙ እያንዳንዱን ጥያቄ እየመለሰ ማኅተም ያሳርፍበታል። ማኅተም ያረፈበት ነገር ደግሞ አያስፈራም።

አንድ መልካም ሐሳብ ግን አለው፤ እርሱንም ሳንጠቅስ ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ነገርየው ሥጋን እንጂ ብረትን መምሰል አይችልም። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው አፍ በመብራት እየታየ፣ የተሞላ ጥርስ የተገኘበት ይለቀቃል፤ ጥርሱ ደኅና የሆነው ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ጥርስን አጥርቶ መያዝ ለሞት ሲያበቃ ያየነው በዚህ ፊልም ብቻ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነን ግን የእጅ ሥራው ጉዳይ ነው። በ1982ቱ ፊልም ነገርየውን ከጎማና ከመሳሰለው የሠራው ሮብ ቦቲን ዕድሜው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ነበረ፤ ሥራው ሲያልቅ ከድካም ብዛት ሐኪም ቤት እስኪገባ ድረስ ደከመበት። ለ2011ዱም ፊልም አሌክ ጊሊስና ቶም ውድረፍ የተባሉ ባለሙያዎች እንዲሁ በእጅ የሚነካ፣ በሽቦና በሞተር የሚንቀሳቀስ ፍጡር አዘጋጅተው ነበር፤ በካሜራም ተነሣ። ከዚያ በኋላ አብዛኛው በኮምፒዩተር ሥዕል ተሸፈነ። ልዩነቱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በእጅ የተሠራው ፍጡር በተዋናዩ ፊት ላይ ያረፈው መብራት በእርሱም ላይ ያርፍበታል፤ ተዋናዩም ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። ኋላ በኮምፒዩተር የተለጠፈው ግን በክፍሉ ውስጥ እንዳልነበረ ያስታውቃል። ባለሙያዎቹ የተሸፈነባቸውን ሥራ በኢንተርኔት ለሕዝብ ቢያሳዩት ብዙ ሰው ተቆጨላቸው፤ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብም «ሃርቢንጀር ዳውን» የተባለ ፊልም ሠርተው በ2015 አወጡ። ፊልሙ ራሱ ታላቅ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ፍጡሮቹ ግን በክፍሉ ውስጥ አሉ።

ዛሬ የሚወጡት አስፈሪ ፊልሞች ሌላ ልማድም አላቸው፤ ይኸውም ጨለማ ነው። የአሁኑ ካሜራ በጥቂት ብርሃን ማንሣት ስለሚችል ብዙዎቹ ዲሬክተሮች ችሎታውን እስከ ጥግ ይጠቀሙበታል። ጨለማው በትልቅ የሲኒማ አዳራሽ ያምር ይሆናል። እኛ በጓደኛችን ቤት በትንሽ ቴሌቪዥን ስናይ ግን አብዝተን ያየነው የገዛ ፊታችንን ነው። አንድ ማታ መብራት ቢጠፋ ፊልሙ መቋረጡን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ከዚህ ጨለማ ወደ ሁለተኛው ፊልም ሲመጡ ዐይን ያጥበረብራል። «ፐርል» ይባላል፤ ቲ ዌስት የተባለ አሜሪካዊ ዲሬክተር በ2022 ያወጣው ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ «ኤክስ» የተባለ ፊልም አሳይቶን ነበር። በ1979 በቴክሳስ አንድ የእርሻ ቤት የተከራዩ ወጣቶችን አንዲት አሮጊትና ባሏ አንድ በአንድ ሲፈጇቸው የሚያሳይ ነው። አሮጊቲቱ ፐርል ናት። «ፐርል» የተባለው ፊልም ይህችኑ ሴት በ1918 በወጣትነቷ ያሳያል። ሁለቱም ፊልሞች የተነሡት በኒው ዚላንድ በተከታታይ ነው። አሮጊቲቱንም ልጃገረዲቱንም ሆና የሠራችው አንዲቱ ተዋናይት ሚያ ጎት ናት፤ የሁለተኛውን ፊልም ጽሑፍም ከዲሬክተሩ ጋር ጽፋዋለች።

«ኤክስ» እንደ 1970ዎቹ ፊልም የደበዘዘና የሻከረ መልክ ተሰጥቶታል። «ፐርል» ግን ሰማዩ ሰማያዊ፣ ጎተራው ደማቅ ቀይ፣ የበቆሎው እርሻ አረንጓዴ ነው፤ በ1939 የወጣውን «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ያየ ሰው ያንን ቀለም ወዲያው ያስታውሳል። በ1918 የነበረው ሲኒማ ድምፅ የሌለው፣ አብዛኛውም ጥቁርና ነጭ ስለ ነበረ ቀለሙ የዘመኑ አይደለም። የልጅቱ ሕልም ቀለም ነው። ባሏ በአውሮፓ ጦር ሜዳ ነው፤ አባቷ አካሉ የማይታዘዝለት በሽተኛ ነው፤ እናቷ ጨካኝ ናት፤ ከተማው በኅዳር በሽታ ምክንያት አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይሄዳል። እርሷ የምትፈልገው በፊልም የምትደንስ ሴት መሆን ብቻ ነው። ከሚያስፈራው ነገር አብዛኛው በጠራራ ፀሐይ ይሆናል፤ የሚሸሽበት ጥላ የለም።

የፊተኛው ፊልም እንቅፋት የነበረው ነገር እዚህ ጉልበት የሚሆነው በዚህ ነው። ፐርል «ከዚህ ቤት እወጣለሁ» እያለች ስትጸልይና ስትለማመድ፣ እኛ ከስድሳ ዓመት በኋላ በዚያው ቤት እንዳለች አይተናል። ለዳንስ ፈተና ስትቀርብ እንደማትመረጥ እናውቃለን። በ«ኤክስ» የተጸየፍናትን አሮጊት እያሰብን ለልጅቱ እናዝናለን፤ እጇ ላይ ደም እያየንም ማዘናችን አይቀርም። ይህ ዓይነቱ ስሜት መጨረሻውን ባናውቅ ኖሮ አይገኝም ነበር።

ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይቅር ይበለን እንጂ ፍጻሜውንም እንናገራለን። ባሏ ከጦርነት ተመልሶ ወደ ቤት ሲገባ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡትን ሬሳዎች ያያል። ፐርል ልትቀበለው ብቅ ትልና ፈገግ ትላለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆማል። የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር በላይዋ ማለፍ ይጀምራል፤ እርሷ ግን ፈገግታዋን አትተውም። ጉንጭዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋ ይወርዳል፤ ጥርሷ እንደ ተገለጠ ነው። እስከዚያ ድረስ ሲያፌዝ ያመሸው ጓደኛችን «በቃ፣ ይቁረጡት እንጂ!» አለ። አልቆረጡትም።