ተጫዋቹ ሲዛወር ደጋፊው ወዴት ይሄዳል?

ዱባይ፦ የሥራ ሰዓት አብቅቶ ሙቀቱ በረድ ሲል ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀን በመጋዘንና በፋብሪካ ሲደክም የዋለው ወጣት ምሽት ላይ የስፖርት መለያ ለብሶ ይወጣል። ከመለያዎቹ መካከል የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች መለያ አይጠፋም። ከፊት የቡድኑ፣ ከኋላ የተጫዋቹ ስም ተጽፎበታል። ሁለቱ ስሞች አብረው እስካሉ ድረስ ደጋፊው የሚመርጠው ነገር የለም። ከኋላ ያለው ስም ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ግን መምረጥ ግድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ የሆነው ይኸው ነው። ዳላስ ማቭሪክስ የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠ። ተጫዋቹ ከጥቂት ወራት በፊት ቡድኑን ለፍጻሜ ያደረሰ ነበር። የዳላስ ደጋፊዎች በአዳራሹ ደጅ ተሰብስበው የሬሳ ሣጥን አምሳያ እስከ ማቆም ደረሱ። ማቭሪክስ በኦክቶበር 2023 አቡዳቢ መጥቶ በኢቲሃድ አሬና ከሚኒሶታ ጋር ሁለት ጊዜ ስለተጫወተ፣ ጉዳዩ በኤምሬቶች ለሚኖሩ ተመልካቾችም ሩቅ አልነበረም። ከደጋፊው ከፊሉ ተጫዋቹን ተከትሎ ሄደ፤ ከፊሉም ከቡድኑ ጋር ቀረ።

በአዲስ አበባ ላደገ ሰው ቡድን መቀየር እንግዳ ነገር ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና ተቀናቃኙ ኢትዮጵያ ቡና ሲገናኙ፣ የደጋፊው ወገን ብዙ ጊዜ ከሰፈርና ከቤተሰብ የተወረሰ ነው። ስሙን ከክርስቲያን ቅዱስ የወሰደውን ክለብ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚደግፉ ሙስሊሞችም አሉ። እነርሱን ከክለቡ ጋር ያሰራቸው ሰፈሩ፣ ጎረቤቱና አብሮ ማደጉ ነው። ተጫዋች ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደጋፊው ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

ይሁን እንጂ ተጫዋችን መውደድ ሁልጊዜ ከዝና ፍቅር የሚመነጭ አይደለም። ከሪም አብዱልጀባር በ1971 ሚልዋውኪን ለሻምፒዮንነት ካበቃ በኋላ ሙስሊም ስሙን በይፋ ያዘ። በ1975 ወደ ሌከርስ ሲዛወር ከተማውም መለያውም ተለወጠ፤ ስሙና እምነቱ ግን አልተለወጡም። ያስመዘገባቸው 38,387 ነጥቦች ሌብሮን ጄምስ በፌብሩዋሪ 2023 እስኪያልፋቸው ድረስ ክብረ ወሰን ሆነው ቆይተዋል። የሌጎሱ ልጅ ሐኪም ኦላጁዋን ደግሞ በ1995 የረመዷን ጾሙን እየጾመ ለሂውስተን ተጫውቷል፤ አብዛኛው ጾም በዋለበት በፌብሩዋሪም የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ከሥራ በኋላ ለኢፍጣር የሚቀመጥ ሠራተኛ ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር የሚጋራው ነገር ከመለያው ጀርባ ካለው ጽሑፍ ይበልጣል። ኦላጁዋን ከ17 የውድድር ዘመን በኋላ በ2001 ወደ ቶሮንቶ ሲሄድ አርአያነቱ ሂውስተን አልቀረም።

በስደት ለሚኖር ሰው ተጫዋቹ በሌላም መንገድ ይቀርበዋል። እርሱም በኮንትራት የሚኖር ሠራተኛ ነው። ዶንቺች ዳላስን አልከዳም፤ ዝውውሩን የወሰኑት አሠሪዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ከሃዲ ማለት ፍትሕ አይደለም። አሠሪ ሲለወጥ ከአንዱ ኤምሬት ወደ ሌላው ሻንጣውን ያነሣ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ተጫዋቹ አርአያ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤት ሆኖ አብሮ መቀመጥ ግን አይችልም። ያን የሚሰጠው ቡድን ነው። በ2023 የተመሠረተው ዱባይ ባስኬትቦል በ2024 የአድሪያቲክ ሊግን፣ በ2025 ደግሞ ዩሮሊግን ተቀላቅሎ በኮካ ኮላ አሬና የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦችን ማስተናገድ ጀምሯል። ከአባት የተወረሰ ደጋፊ ገና የለውም። ስለዚህ ከዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ በሜትሮ ተሳፍሮ የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ከሰርቢያዊው፣ ከፊሊፒናዊውና ከኤምሬታዊው እኩል የመጀመሪያው ትውልድ ደጋፊ ነው። በዚህች ከተማ እንግዳ የማይሆንበት አንድ ወንበር አለው ማለት ነው።

ይህ በተለይ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ትርጉም አለው። የአባታቸውን ክለብ በስልክ ያዩታል፤ የሚወዱት ኮከብ አሜሪካ ነው። ይህ ቡድን ግን ከቤታቸው በባቡር ይደረስበታል። ምናልባት ዛሬ ወደ አዳራሹ የሚስባቸው በ2025 ከሪያል ማድሪድ የመጣው ቦስኒያዊው ጃናን ሙሳ ይሆናል። አንድ ቀን ኮንትራቱ ያበቃል፤ እርሱም እንደ ሌሎቹ ሻንጣውን ያነሣል። ልጁ በሚቀጥለው ጨዋታ ወደ አዳራሹ ከተመለሰ ያ ቡድን የእርሱ ሆኗል።