የአሸዋ ድመት፦ ዱካ የማትተው የበረሃ አዳኝ

ቪክቶር ሎሽ የተባለ ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1858 በአልጄሪያ ሰሃራ የተገኘችን አንዲት ትንሽ የዱር ድመት ለሳይንስ አስተዋወቀ። ወደዚያ በረሃ የዘለቀውን ጉዞ ይመሩ ለነበሩት የጦር መኮንን ለማርጌሪት መታሰቢያ እንዲሆንም ፌሊስ ማርጋሪታ ብሎ ሰየማት። የተለመደው መጠሪያዋ የአሸዋ ድመት ነው። ከሰሃራ ሌላ በዓረብ ምድር፣ በኢራንና በመካከለኛው እስያ በረሃዎች ትኖራለች። በአገራችን የሚታወቀው የዱር ድመት ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ የቤት ድመቶቻችን የተገኙት ከእርሱ ወገን ነው።

ክብደቷ ከ1.5 እስከ 3.4 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ፀጉሯ የአሸዋ መልክ አለው። ጆሮዎቿ ትልልቅና ወደ ጎን ዝቅ ብለው የበቀሉ ስለሆኑ፣ መደበቂያ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ስታደባ ከፍ ብለው አያጋልጧትም። ከጆሮዋ ታምቡር ጀርባ ያለው የአጥንት ክፍተትም ሰፊ ነው፤ በዚህ የተነሳ አሸዋ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አይጥ ድምፅ ሳይቀር ትሰማለች፤ ቆፍራም ታወጣዋለች። እንሽላሊት፣ ወፍና ነፍሳት ትበላለች፤ መርዛማውን ቀንዳም እፉኝት እንኳ አትምርም። ውኃ ባታገኝ ከአደነችው ሥጋ የሚገኘው እርጥበት ይበቃታል። የቀኑን ሐሩር ጉድጓድ ውስጥ አሳልፋ ሌሊት ትወጣለች።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እግሯ ነው። የመዳፏ ሥር በረጃጅም ፀጉር ስለተሸፈነ የጋለ አሸዋ አያቃጥላትም፤ ስትራመድም ዱካዋ እምብዛም አይታይም። ሌሊት ባትሪ ሲያበሩባት ደግሞ ዓይኗን ጨፍና መሬት ላይ ትለጠፋለች። ዓይኗ ካላብረቀረቀ ማን ያያታል?

ከጠላት የሚያድናት ይህ ስውርነት ሊጠብቋት ለሚፈልጉት ፈተና ሆኗል። ሳይንስ ካወቃት ከ159 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓንቴራ የተሰኘው የዱር ድመቶች ጥበቃ ድርጅት ተመራማሪዎች በሞሮኮ ሰሃራ ሦስት ግልገሎችን በቪዲዮ ሲቀርጹ፣ በአፍሪካ በረሃ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ዝርያዋን ዝቅተኛ ሥጋት ካለባቸው መድቧታል። ይህ ምደባ ሊያዘናጋን አይገባም፤ ቆጥሮ የጨረሳት የለምና። ልቅ ግጦሽ አይጦቹ የሚኖሩበትን ዕፅዋት ያጠፋል፣ ለቀበሮ የተጠመደ ወጥመድ እርሷን ይይዛል፣ ባለቤት አልባ ውሾችና ድመቶች በሽታ ያጋቡባታል።

ሌላው አደጋ መልኳ ነው። ስታድግም የግልገል ፊት ስላላት ለቤት ማሳመሪያ የሚሹአት አሉ። ሆኖም እርጥበት ያለው አየር አይስማማትም፤ የመተንፈሻ አካል በሽታም ቶሎ ይይዛታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በሌላ ስፍራ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ የአሸዋ ድመት ግልገል ለሽያጭ ቀርባ ብታዩ አትግዙ፤ ለአገሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አመልክቱ።