የሕፃን አንጎል ለምን ቀስ ብሎ ያድጋል?

ጥጃ በተወለደ ዕለት ቆሞ ጡት ይፈልጋል። የሰው ልጅ ግን ለመቆም ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ደካማ ሆኖ ነው ወይ? አይደለም። ሰው ሲወለድ አንጎሉ የአዋቂውን ሲሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው የሚያድገው ከተወለደ በኋላ፣ እያየና እየሰማ ነው።

ይህ ዝግታ መቼ ጀመረ? ለመልሱ ወደ አፋር እንሂድ። በ1993 ዓ.ም. ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት ቡድን ዲኪካ በተባለ ቦታ የአንዲት ሕፃን አጽም አገኘ። ሕፃኗ የኖረችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ሰላም ተባለች። አንዳንዶች «የድንቅነሽ ልጅ» ይሏታል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰላም ድንቅነሽን በመቶ ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማታለች! አጽሟ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት ማንሳት ዓመታት ፈጀ።

ዕድሜዋ በምን ታወቀ? በጥርሷ። ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ ቀጭን መስመር ይተዋል። ተመራማሪዎች መስመሮቹን በኃይለኛ ጨረር አይተው ቆጠሩ። ስትሞት ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ነበረች። የራስ ቅሏንም ለኩ። ጥናቱ በ2012 ዓ.ም. ወጣ። የአንጎሏ ቅርጽ ቺምፓንዚ የተባለውን ጭራ የለሽ የጦጣ ዘመድ ይመስላል። በዚያ ዕድሜ የቺምፓንዚ አንጎል አድጎ ሊጨርስ ተቃርቧል፤ የሰላም ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። አንጎል ሳይተልቅ በፊት ዝግታው ጀምሯል ማለት ነው። በዝግታ የሚያድግ ልጅ ለመማር ጊዜ ያገኛል።

«የቦሌ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ገብተው የኛን ልጆች ቀደሟቸው» ሲባል እንሰማለን። መዋዕለ ሕፃናት ይጠቅማል፤ እሱን አንክድም። ግን ቦሌ ፎቅ ላይ የተወለደውም፣ ገጠር ጎጆ ውስጥ የተወለደውም አንጎላቸው አስተዳደጉ አንድ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ሕፃኑ ገና ጀርባ ላይ ታዝሎ ሳለ ነው። እናት እንጀራ እየጋገረች ታነጋግረው። አባትም ማታ ከእርሻ ሲመለስ ተረት ይንገረው፤ ይህ የሴት ሥራ ብቻ አይደለም። ጭቃ አቡክቶ በሬ ከሠራ አትቆጡት፣ እየተማረ ነው። ሲጠይቅም «ዝም በል!» አትበሉት።

ምግቡም አለ። ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ወተት ይፈልጋል። እንቁላሉ ሁሉ ገበያ ከወጣ ለልጁ ምን ቀረ? እንቅርት በሚበዛበት አገር የሕፃናት አንጎልም ይጎዳል፤ የሁለቱም ዋና ምክንያት የአዮዲን እጦት ነው። ስለዚህ ስትገዙ አዮዲን ያለበትን ጨው ጠይቁ። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።