ፀሐይ ለጐዳው ቆዳ የብርሃን መኪና ወይስ ሌዘር?

ዕቃ ከመግዛት በፊት ዕቃው ለማን እንደሚያገለግል መመርመር የነጋዴ የመጀመሪያ ተግባር ነው። ይህ ደንብ ለማናቸውም ሸቀጥ የሚሠራ ሲሆን፤ በሰው ፊት ላይ ለሚያርፍ መሣሪያ ግን ከሁሉ ይልቅ ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቊጥር ቆዳን የሚጐዳው የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፤ ነጠብጣብን፣ ማድያትንና ያለዕድሜ መጨማደድን ለማስወገድ የሚፈልግ ደንበኛ አይታጣም። ለዚሁ ሥራ በዓለም ገበያ የሚቀርቡት መሣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

አንደኛው አይ.ፒ.ኤል. የተባለው የብርሃን መኪና ነው። የዜኖን አምፑሉ ከ500 እስከ 1,200 ናኖሜትር ገደማ የሚደርስ ልዩ ልዩ የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን በአንድ ብልጭታ ይረጫል። በአንድ ጊዜ ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን፤ ቡናማውን ነጠብጣብና የቀላውን የደም ሥር አብሮ ስለሚያክም፤ ለነጭ ቆዳ የተመሰገነ ነው።

ሁለተኛው ሌዘር ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር አሜሪካዊው ቴዎዶር ማይማን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ሠርቶ አሳየ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉት ሐኪሞች፤ የብርሃኑ ሞገድና የሚቈይበት ጊዜ በትክክል ከተመረጠ፤ የተፈለገው ነገር ብቻ ግሎ በዙሪያው ያለው ሥጋ ሊድን እንደሚችል ገለጡ። ሌዘር አንድ የተወሰነ ሞገድ ብቻ ስለሚልክ ለዚህ ምርጫ ይመቻል።

የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የብርሃን መኪና ነጠብጣቡን ከቀረው ቆዳ የሚለየው በቀለሙ ነው። ቆዳው ነጭ ሲሆን ጥቁሩ ነጠብጣብ ሙቀቱን ይቀበላል፤ ቆዳው ጠይም ወይም ጥቁር ሲሆን ግን ሜላኒን የተባለው ቀለም በሞላው ስላለ ሙቀቱን ጤነኛው ቆዳ ይወስደዋል። ከዚህም የተነሣ መቃጠል፣ ጠባሳ፣ ከቀድሞው የባሰ ጥቁረት ወይም ንጣት ሊከተል ይችላል። ሜላኒን ረዥም ሞገድን እምብዛም ስለማይቀበል፤ 1,064 ናኖሜትር ያለው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር ለጥቁር ቆዳ ከብርሃኑ መኪና ይልቅ ደኅንነት አለው። ይሁን እንጂ ይህም በሠለጠነ እጅና በመጠኑ ካልተሠራበት አደጋ አያጣውም።

ለመጨማደድ የሚያገለግለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር 10,600 ናኖሜትር ሞገድ አለው። ዒላማው በቆዳ ውስጥ ያለው ውሃ እንጂ ቀለም አይደለም። ሆኖም የላይኛውን ቆዳ ስለሚገፍ፤ ጥቁር ቆዳ ቊስሉ ሲሽር ሊጠቊር ይችላል። ማድያትም በብርሃንና በሙቀት ሊብስ ስለሚችል፤ መጀመሪያ የሚታዘዝለት ከፀሐይ መከላከልና የሚቀባ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ለማስመጣት ያሰበ ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ ሞገዱ ስንት ናኖሜትር ነው? በካታሎጉ የሚታየው ውጤት በምን ዓይነት ቆዳ ላይ የተገኘ ነው? አምፑሉ ስንት ብልጭታ ከሰጠ በኋላ ይለወጣል? ቆዳን የሚያቀዘቅዝ ክፍልና የዓይን መከላከያ መነጽር አብሮ ይመጣልን? ሠራተኛውን የሚያሠለጥነውና መኪናውን የሚጠግነው ማን ነው? በርካሽ የተገዛ የብርሃን መኪና ለአብዛኞቹ ደንበኞች የማይስማማ ከሆነ፤ ገንዘቡ በከንቱ ከመታሰሩም በላይ የአንዲት ደንበኛ ፊት መቃጠል የቤቱን ስም ለዘለቄታው ያጠፋል።

ደንበኛውም በበኩሉ ቅርጹን ወይም ቀለሙን የለወጠ ወይም የሚደማ ምልክት ያለበት እንደ ሆነ፤ አስቀድሞ ለቆዳ ሐኪም ማሳየት ይገባዋል። ካንሰር የሆነ ምልክት በብርሃን ከደበዘዘ በሽታው ተሸሽጎ ሊያድግ ይችላልና። ከሕክምናውም በኋላ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ካልተጨመረ፤ በገንዘብ የተወገደውን ነጠብጣብ ፀሐይ መልሳ ታመጣዋለች።