ሁለቱ ጆንያ እንዴት አንድ ሆነ?

ሐሙስ ጠዋት ነው። በጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንደኛው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ይንኳኳል። የሰፈሩን ቆሻሻ የሚሰበስበው ማኅበር አባል የሆነች ወጣት ባዶ ማዳበሪያዋን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ቆማለች። የቤቱ እመቤት ከበሩ ሥር የተዘጋጀውን አንድ ጆንያ አንሥተው ያቀብሏታል። ቀጥለውም አፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተዘጋ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለብቻው በእጇ ይሰጧታል።

“ይኼ ስለት ነው፤ ከሌላው ጋር እንዳትቀላቅይው” ይሏታል።

ከዓመት በፊት ከዚሁ በር በየሳምንቱ የሚወጣው ቆሻሻ ሁለት ጆንያ ሙሉ ነበር። በበዓል ሰሞን ሦስትም ይሆን ነበር። ስለት የሚታሸግበት ጣሳ ግን አልነበረም። የዛሬው ጽሑፋችንም የሚያወሳው ስለዚሁ ጣሳና ጣሳው ስላስከተለው ለውጥ ነው።

ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ የጠየቁን እኒህ የአራት ልጆች እናት በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ባለቤታቸው የሚኒባስ ታክሲ ይነዳሉ። ከሰሜን ሸዋ የመጡት እናታቸውም አብረዋቸው ይኖራሉ። ሰባት ነፍስ ባለሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። የመጨረሻው ሕፃን ገና ዓመት አልሞላውም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሐሙስ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ወጣት በቀጠሮዋ ሳትመጣ ቀረች። በሚቀጥለው ሐሙስም በእርሷ ፈንታ ሌላ ሰው መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ራሷ ስትመጣ ቀኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

“ምን ሆንሽ ብዬ ብጠይቃት፣ ‘ከዚሁ ብሎክ ብርጭቆ ቆረጠኝ’ አለችኝ” ይላሉ ወይዘሮዋ። “መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ጓንት የላትም እንዴ ብዬ ነው። የእኔ ቤት ብርጭቆ ይሆናል ብዬ ለአፍታም አላሰብኩም።”

የዚያን ዕለት ማታ ግን የአሥራ አራት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጃቸው እራት አልበላም አለች። ሲጠይቋትም አለቀሰች። የሻይ ብርጭቆ ሰብራ፣ እንዳትቆጣ ፈርታ፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ጆንያው ውስጥ የከተተችው እርሷ ነበረች። እናትና ልጅ በሚቀጥለው ሐሙስ በር ላይ ጠብቀው ወጣቷን ይቅርታ ጠየቋት። ወጣቷም ነገሩን ያለ ቁጣ አስረዳቻቸው። ፌስታሉን ስታነሣው ቀላል ሆኖባት ወረቀት መስሏታል። ለሌላው ቦታ እንዲለቅ ብላ በመዳፏ ተጭና ወደ ታች ስትገፋው ብርጭቆው ጓንቱን ዘልቆ ገባ። በማኅበሩ ውስጥ ሥራ ያልገባ የዚያን ቀን ድርሻ ስለማያገኝ ሁለት ሳምንት ያለ ገቢ ቆይታለች።

“ሁለት ሳምንት” ይላሉ ወይዘሮዋ። “እኔ ሁለት ሳምንት ደመወዝ ቢቀርብኝ ይህ ቤት ምን ይሆን ነበር?”

በዚያው ቅዳሜ ቤተሰቡ የሳምንቱን ቆሻሻ በረንዳ ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ዘርግፎ ለየው። አያትየዋ ነገሩን ሲያዩ ከት ብለው ሳቁ። “እኛ አገር እኮ ቆሻሻ የሚባል ነገር አልነበረም። ልጣጩ ለላሟ፣ አተላው ለላሟ፣ አመዱ ለጓሮ ጎመን። ያለቀ ነጠላ እንኳን የልጅ መጠቅለያ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል እንጂ ማን ይጥለዋል!” አሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ላምም ጓሮም የለም።

ከላስቲኩ ላይ ትልቁን ክምር የያዘው እርጥቡ ነበር። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ የሻገተ እንጀራ። ቀጥሎ የሕፃኑ ዳይፐር መጣ። ሦስተኛው ፌስታል ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ አንድ በአንድ ቆጥሮ አርባ ሦስት አገኘ። አንድ ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ፌስታል፣ ጨው በሌላ ፌስታል፣ ሁለቱ ደግሞ በሦስተኛ ፌስታል! የቀረው የውኃ መያዣው ሃይላንድ፣ ጣሳ፣ ካርቶንና የከረሜላ ልጣጭ ነበር።

የአዲስ አበባን ቆሻሻ ያጠኑ ሰዎችም የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም። ከየቤቱ ከሚወጣው ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። ጆንያውን የሚያከብደው፣ የሚያሸተውና ዝንብ የሚጠራው እርሱ ነው። ንጹሑን ወረቀትና ፕላስቲክ አበላሽቶ ለመሸጥ የማይበቃ የሚያደርገውም ያው እርጥቡ ነው።

እንጀራው በቀላሉ መፍትሔ አገኘ። ወይዘሮዋ ሥራ ስለሚበዛባቸው የሳምንቱን እንጀራ እሑድ ዕለት በአንድ ጊዜ ይጋግሩ ነበር። በክረምቱ እርጥበት ሐሙስ ሳይደርስ ይሻግታል። አሁን እሑድና ረቡዕ ማታ ከፍለው ይጋግራሉ። የተረፈውንም ሳይሻግት አያትየዋ በሰፌድ ላይ ቆራርሰው አስጥተው ድርቆሽ ያደርጉታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለእናቶች ማሳሰብ ያስፈልጋል። ሻጋታው ከታየ በኋላ የተበላሸውን ቆርጦ ጥሎ ቀሪውን ማድረቅም ሆነ መፈርፈር አይገባም። ሻጋታ ዓይን ከሚያየው ይልቅ ወደ ውስጥ የሚሰድ ከመሆኑም በላይ አንዳንዱ የሚያመነጨው መርዝ በእሳት አይጠፋም።

ልጣጩ ግን ጠብ አስነሣ። ወይዘሮዋ ብስባሽ ለመሥራት ብለው ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ውስጥ ልጣጩን ሁሉ ማጠራቀም ጀመሩ። በአሥረኛው ቀን ሽታው ሳሎን ገባ። ባልዲው ከሥሩ ተሰንጥቆ ኖሮ ጥቁሩ ውኃ ወደ ታች ተንጠባጥቦ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤት ለጥምቀት አጥበው ያሰጡት ነጠላ ላይ አረፈ። ነገሩ እስከ ሕንፃው ኮሚቴ ደረሰ። ባለቤታቸውም “አርፈሽ ብትጥይው ኖሮ!” ብለው ተቆጡ።

“ያኔ ልተወው ነበር” ይላሉ። “ነጠላውን ራሴ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ዛሬም ድረስ ትንሽ ይታያል።”

ባልዲውን ያዳነው የአያትየዋ ምክር ነው። “እርጥብ በእርጥብ ላይ ከጫንሽ ይሸታል። ፍግ እንኳን ጭድ ሲገባበት ነው የሚበስለው” አሏቸው። ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ልጣጭ አየር ሲያጣ ይገማል፤ አየርና ደረቅ ነገር ሲያገኝ ግን ወደ አፈርነት ይለወጣል። ሁለተኛው ባልዲ ጎኑ ዙሪያውን በጋለ ሚስማር ተበሳ። ከሥሩ ሁለት ጡብ፣ ከጡቡም በታች የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ዝርግ ሳህን ገባለት። ከሰፈሩ እንጨት ቤት በነጻ የሚገኝ ሰጋቱራ፣ የደረቀ ቅጠልና የተቀደደ የእንቁላል ካርቶን ከልጣጩ እኩል ወይም በለጥ አድርጎ በየንጣፉ መጨመር ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ወጥ አይገባበትም። የከሰል አመድ አልፎ አልፎ እፍኝ ቢሆን እንጂ አይበዛበትም። በሳምንት አንድ ጊዜ ይገላበጣል። በእጅ ሲጨበጥ እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥበት ኖሮት ውኃ ካላንጠባጠበ ደኅና ነው ማለት ነው።

በሦስት ወር ገደማ፣ እኛም በዓይናችን እንዳየነው፣ ጥቁር፣ ልል፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት አፈር ሆኗል። በረንዳው ላይ በተቆረጡ ጀሪካኖች ጎመንና የጥብስ ቅጠል በቅሎበታል። ነጠላቸው የተበላሸባቸው ጎረቤትም ለጤና አዳማቸው አንድ ጣሳ ወስደዋል።

ለፌስታሉ መድኃኒቱ በር ኋላ የተሰቀለ ዘንቢልና አያትየዋ ከአሮጌ አንሶላ የሰፏቸው ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው። ችግሩ ከመርካቶ የሚገዙት አባት መሆናቸው ነበር። “ወንድ ልጅ ዘንቢል አንጠልጥሎ!” እያሉ ለሁለት ወር ያህል ሆን ብለው ሲረሱት ቆዩ። በኋላ አንዱን ከረጢት አጣጥፈው ከሾፌር ወንበራቸው ሥር አኖሩትና ነገሩ ያለ ክርክር አበቃ። በሕግ በኩል ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታልን ለመግታት ሞክሮ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከገበያ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

ሃይላንዱ፣ ጣሳውና ካርቶኑ የልጁ ሥራ ሆነ። አጥቦና አድርቆ ያጠራቅማል። ቅዳሜ “ቆራሌው!” የሚል ድምፅ ሲሰማ ደረጃውን ሮጦ ይወርዳል። ቆራሌው የገዛው ብዙው ዕቃ ሄዶ ሄዶ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያ ቆርቆሮው ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። ልጁ በዋጋ አይሸነፍም አሉ። የደብተሩን ከፊል ራሱ ገዝቷል። ያለቀ ልብስ ደግሞ ለልዋጭ ይሰጣል። የአዲስ አበባ እናት ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምራት ስታደርገው ኖራለች። የጎደለው ከእርጥቡ መለየቱ ብቻ ነበር።

ዳይፐሩ ግን አልተፈታም። በዚህ ነገር ወይዘሮዋን የሚወቅስ ሰው ካለ በመጀመሪያ ቧንቧቸውን ከፍቶ ይይ። ውኃ በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ቀን ቀን አያትየዋ ሲችሉ ጨርቅ ያደርጉለታል፤ ሌሊትና ውኃ በሌለ ቀን ዳይፐር ነው። “ሌላውን ቀንሻለሁ፤ ይኼን ግን አልዋሽም” ይላሉ። ዛሬ ከቤታቸው ከሚወጣው አንድ ጆንያ አብዛኛው ይኸው ዳይፐር ነው።

ሌላም ያልተነገረ ወጪ ነበር፤ የወይዘሮዋ ጊዜ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥራ ተመልሰው፣ እራት ሠርተው፣ ሕፃኑን አስተኝተው፣ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ የቤተሰቡን ቆሻሻ ብቻቸውን የሚለዩት እርሳቸው ነበሩ። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ በየቤቱ እንደምታየው አዲስ መልካም ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚጫነው በእናት ትከሻ ላይ ነው። አንድ ማታ ግን “ነገ ሳልለየው እተወዋለሁ፤ ሁሉም የጣለውን ራሱ ይለይ” አሉ። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ዕቃ ተቀምጧል። የበላ ሁሉ ልጣጩን ራሱ ከባልዲው ይጨምራል፤ አባትም ጭምር። የብርጭቆውና የምላጩ ጣሳ ኀላፊነት የትልቋ ልጅ ነው። ማንም አላዘዛትም፤ ራሷ ወሰደችው።

ከበሩ የወጣው ጆንያ በጋሪ ወደ ገንዳው፣ ከገንዳው በመኪና ወደ ረጲ ይሄዳል። እኛ ቆሼ የምንለው ቦታ ነው። ከአምሳ ዓመት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲከመርበት ቆይቶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ በሥሩ በነበሩት ጎጆዎች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ከቆሻሻ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ልጣጭና የወጥ ትራፊ የበዛበት እርጥብ ቆሻሻ እንደ ደረቁ በደንብ አይነድም። እርጥቡን ከየቤቱ ማስቀረት እዚያም ድረስ ይጠቅማል።

ወይዘሮዋ ስለ ቆሼ ስንጠይቃቸው ብዙ አልተናገሩም። በዚያ ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን አንዲት እናት እንደማይረሱ ብቻ ነገሩን።

ወደ ሐሙስ ጠዋቱ በር እንመለስ። ወጣቷ ጆንያውን በአንድ እጇ አንሥታ መዘነችው። የቀኝ መዳፏ ላይ ከአውራ ጣቷ ሥር የሚነሣው ጠባሳ አሁን ነጥቷል። ቡና እንድትጠጣ ቢለምኗትም ገና ሦስት ፎቅ ይቀራታልና አልገባችም። ጣሳውን በሽርጧ ኪስ ከተተች።

“የእናንተማ እየቀለለ ሄደ” አለች። “የሦስተኛው ግን ዛሬም እንደ ድሮው ነው።”

ጆንያውን በትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ወረደች።